ስለ ባዶ ካሴትና ስለ ሰፈራችን ድምፅ



ባለፈው ዓመት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የእድራችንን ዕቃ ቤት ስናጸዳ፣ ከድንኳኑ ሸራና ከብረት ድስቶቹ ኋላ አንድ የተቀዳደደ ካርቶን መገኘቱን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በካርቶኑ ውስጥ ሰላሳ ምናምን የቴፕ ካሴት ነበረ። የማን እንደ ሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ጠፋ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። ከፊሉ «ማጫወቻው እንኳ ከየቤቱ የጠፋ ነገር ምን ይሠራልናል? ይጣልና ቦታ ይለቀቅ» አለ። ከፊሉ ደግሞ «ቆይ እስቲ፣ ምን እንዳለበት መጀመሪያ ይሰማ» አለ። እኛ ከሁለተኞቹ ወገን ነበርን። ታዲያ የዘንድሮው መጽሔት ሲታሰብ ኮሚቴው «ይቀመጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ በሉ ምክንያታችሁን ጻፉ» ብሎ ሥራውን በኛ ላይ ጣለው።

እኛ ስንል በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጎረምሶች የነበርን፣ ዛሬ ግን ሽበት ያበቀልን የፈላና በር ልጆች ማለታችን ነው። ሐረሪዎቹ ይህንኑ በር አሱም በሪ ይሉታል። ስለ ካሴት ለመጻፍ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ባዶ ካሴት ለመግዛት ሳንቲም ያዋጣ ሰው ይበቃል። እኛም አዋጥተናል።

ካሴት ከመምጣቱ በፊት ዘፈን ማለት ሸክላ ነበር። ሸክላ ደግሞ የባለ ገንዘብ ዕቃ ነው፤ ማጫወቻው ይፈለጋል፣ መርፌው ይፈለጋል፣ ትንሿ ሸክላ በአንድ ፊቷ የምትይዘው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ደፍረው በራሳቸው ስም ማሳተም ጀመሩ። እስከ 1967 ዓ.ም. አካባቢም ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጡ። እርሳቸው አገር ለቀው ከወጡ በኋላም አሊ ታንጎ እየተባሉ የሚጠሩት አቶ አሊ አብደላ ካይፋ ሥራውን ቀጠሉ። ነገር ግን በ1970ዎቹ ሸክላው ቆመና ሁሉም ወደ ካሴት ዞረ።

ካሴትን ለዓለም ያቀረበው የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ሲሆን፣ ጊዜውም 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1963) ነው። መጀመሪያ የታየው በበርሊን የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ ነበር። የሥራው መሪ መሐንዲስ ሎው ኦተንስ የመሣሪያውን መጠን ለመወሰን የእንጨት ቁራጭ በኮት ኪሳቸው ይከቱ ነበር ይባላል፤ በ2013 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አርፈዋል። ለኛ ለድሆቹ የጠቀመን ግን ሌላ ነገር ነው። ፊሊፕስ አሠራሩን ሌሎች ፋብሪካዎችም ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። በዚህ ምክንያት ካሴት ጃፓንም ይሠራው፣ ጀርመንም ይሠራው፣ መጠኑ አንድ ነው፤ ከማንኛውም ቴፕ ውስጥ ይገባል። ፋብሪካው ሲበዛም ዋጋው ወረደ።

ደግሞም ሸክላ ያዳምጡታል እንጂ አይናገሩበትም። በካሴት ግን ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ይሰማል?» ማለት ነው። በሰፈራችን ያልሞከረው ሰው ያለ አይመስለንም።

ባዶ ካሴት ወደ ሐረር የሚመጣው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ከጅቡቲ በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያም በመኪና ነው። ሁለተኛው በጅጅጋ በኩል ከሱማሌ ወገን በሰው ጓዝ ውስጥ ተሸጉጦ የሚገባው ነው፤ ይህንን የሚፈልግ ሰው ከሸዋ በር ውጭ ባለው ገበያ ይዞራል። ሕጋዊነቱን አትጠይቁን። በጀበናና በጨርቅ መካከል፣ ከባትሪ ድንጋይ ጎን ተደርድሮ ይሸጥ ነበር። ሌላም ሦስተኛ መንገድ ነበር ብንል ይቻላል፤ ከጅዳና ከሌላም አገር ዘመድ ድምፁን በካሴት ቀድቶ እንደ ደብዳቤ ይልክ ነበር። «እንደምን አላችሁ፣ እኔ ደኅና ነኝ» የሚለው ካሴት ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ አልቅሶ ከሰማው በኋላ ለልጆቹ ይለቀቃል፤ ልጆቹም በሳምንቱ ዘፈን ይቀዱበታል። አሁን ስናስበው ያሳፍረናል።

ገንዘብ ስላልነበረን አምስት ሆነን የካሴት እቁብ አቋቋምን። ሳቅ ይመጣባችሁ ይሆናል፤ ግን ዳኛም ጸሐፊም ነበረን። በየሳምንቱ ትንሽ ሳንቲም እናዋጣለን፣ ዕጣ የወጣለት አንድ ባዶ ካሴት ይገዛለታል። የገንዘቡ ማነስ ግድ ብሎን ነው እንግዲህ ካሴት መምረጥ የተማርነው። የተማርነውም በስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተታችን ረጅሙን መግዛት ነበር። ካሴት ባለ ስድሳ፣ ባለ ዘጠናና ባለ መቶ ሃያ ደቂቃ ይመጣል። ባለ መቶ ሃያው ከባለ ስድሳው እጥፍ ይቀዳል፤ ዋጋው ግን እጥፍ አይደለም። ታዲያ ማን ሞኝ ነው ስድሳውን የሚገዛ? እኛም እንደዚያው ነበር ያልነው። ነገሩ የገባን በኋላ ነው። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይሮጣል። በአንድ ወገን ግማሽ ሰዓት እንዲሄድ 86 ሜትር ያህል ክር ይፈልጋል፤ አንድ ሰዓት እንዲሄድ ደግሞ 171 ሜትር። ሁለቱም የሚገቡት እኩል በሆነው በዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ያለው አማራጭ ክሩን ማሳሳት ነው። የባለ ስድሳው ክር ውፍረት ከሚሊ ሜትር ሺኛ 18 ገደማ ሲሆን፣ የባለ ዘጠናው 12፣ የባለ መቶ ሃያው 9 ብቻ ነው። ጋቢ ብለው ሸጠውን ነጠላ ሆኖ አገኘነው ማለት ነው። ነጠላም ነውር የለበትም፤ ግን የጋቢ ሥራ አይሠራም።

ያ ስስ ክር የባትሪ ድንጋዩ በደከመ፣ ጎማው በቆሸሸ ቴፕ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቴፑ ይበላዋል። ዘፈኑ መጎተት ይጀምራል፣ ከዚያ ዝም ይላል፤ ክዳኑ ሲከፈት ክሩ እንደ ፓስታ ተጠቅልሎ ይወጣል። በቢክ እስክሪብቶ አጠንጥነን እንመልሰዋለን፤ የተጨማደደው ቦታ ግን አይቃናም። ባለ ስድሳው ቢበላም ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ባለ መቶ ሃያው ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ክር ደግሞ ዶክተር የለውም።

ሁለተኛው ትምህርታችን የብሎኑ ነገር ነው። አንዳንዱ ካሴት በአራት ወይም በአምስት ትንንሽ ብሎኖች የታሰረ ነው፤ ርካሹ ብዙውን ጊዜ በሙጫ የተጣበቀ ነው። ክሩ ውስጥ ለውስጥ ቢበጠስ ባለ ብሎኑን ፈትቶ፣ ጫፍ ከጫፍ አጋጥሞ በስስ ፕላስተር መቀጠል ይቻላል፤ ሁለት ቃል ብቻ ይጎድላል። የተጣበቀውን ግን ካልሰበሩት አይከፈትም። በመኪና ግርግር አካባቢ የልብስ ስፌት መኪና ከሚጠግኑት ሰዎች ትንሿን ብሎን መፍቻ እየተዋስን ስንት ካሴት እንዳዳንን እኛ ነን የምናውቀው።

ሦስተኛው ክሮም ነው። ክሮም የሚባለው ካሴት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ የዋለ፣ ዋጋውም የሚያስደነግጥ ነበር። ከእቁቡ ጓደኞቻችን አንዱ ከዘመድ ስጦታ አገኘና ቀናንበት። ቀድተን ስንሰማው ግን ድምፁ ስስና ጩኸታም ሆነ። ጥፋቱ የካሴቱ አልነበረም። ክሮም የሚቀዳበት የኤሌክትሪክ ኃይል ከተራው የተለየ ነውና፣ ቴፑ ለክሮም የተለየ ማዞሪያ ከሌለው በደንብ አይቀዳውም፣ የቀደመውንም በሚገባ አያጠፋውም። በየቡፌያችን ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ቴፕ ያንን ማዞሪያ አያውቀውም። ስለዚህ «ኖርማል» የሚል የተጻፈበት ተራው የብረት ዝገት ካሴት ለኛ ቴፕ የሚስማማውም፣ ለኪሳችን የሚሆነውም እርሱ ነበር። በዚህ ነገር ድህነታችን ጠቀመን።

ከዚያም ሐሰተኛ ካሴት አለ። ቲ.ዲ.ኬ.፣ ማክስል፣ ሶኒ፣ ባስፍ የመሳሰሉት ስሞች ሲታወቁ አንድ ፊደል ብቻ የተለወጠበት ማሸጊያ ገበያውን ሞላው። ይህንን የምንለየው በእጅ ነበር፤ ቀለል ካለ፣ ሲነቀነቅም ከተንኳኳ እንተወዋለን። በመካከሉ ክሩን ወደ ቴፑ የምትገፋዋን ትንሽ የሱፍ ቁራጭ እናያለን፤ ጠማማ ከሆነች ወይም ከሌለች ነጋዴው የቱንም ያህል ቢምል አንገዛም። እንግዲህ የብዙ ወራት ኪሳራ ያስተማረን ይህ ነው፤ ባለ ስድሳ፣ ተራ፣ ባለ ብሎን፣ ስሙ በትክክል የተጻፈ። ዋጋው ከመካከለኛው በታች ነበር።

ምን እንቀዳ ነበር? ከሁሉ በፊት ከሬዲዮ። ቴፑን ከሬዲዮው ፊት አስቀምጠን፣ በሩን ዘግተን፣ «ማንም እንዳይናገር!» ብለን ነው። በዚህ ዓይነት የተቀዳ ዘፈን ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል፣ አዛን ይሰማል፣ ሲመሽ ደግሞ ከበሩ ውጭ የሚጮኸው ጅብ ይገባበታል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለ ነበረ ማታ መውጫ የለም፤ ሠርግም ጨዋታም በጊዜ ያልቃል። ታዲያ ምሽቱን የምንገፋው በዚህ ነበር። የድሬዳዋው ልጅ አሊ ቢራ በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በሱማሊኛም፣ በዐረብኛም፣ በአማርኛም ይዘፍን ስለ ነበረ፣ የሱን ካሴት ቤቱ ውስጥ ያልገለበጠ የለም። ነፍሱን ይማርና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ዐረፈ። ሙዚቃ ቤትም ባዶ ካሴትና የዘፈን ዝርዝር በወረቀት ይዞ የሄደን ሰው በምርጫው ይቀዱለት ነበር። የዘፋኙን እንጀራ እንደሚነካ ያኔ አላሰብንበትም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ግን ከአዋጁም በፊት ቢሆን ጥቂት ማፈር ነበረብን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በሰፈራችን ሁላችንም «አይ» እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት ነበሩ። (በሐረሪ እናት ማለት ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪው እንግዳ ግን እምቢ የተባለ ይመስለው ነበር።) የሠርግ ዘፈን እንደርሳቸው የሚያውቅ አልነበረም፤ ሠርግ ያለበት ቤት አፎቻውም ሆነ እድሩ ቀድሞ የሚጠራው እርሳቸውን ነው። በ1968 ዓ.ም. በአንድ ሠርግ ዋዜማ፣ ነደባው ላይ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው፣ ከረቡ እየተመታ ሲዘፍኑ እኛ ቴፓችንን ይዘን ገባን። መጀመሪያ «ድምፄ እዚያ ውስጥ ከገባ እኔ ጋ ምን ይቀራል?» ብለው ሣቁብን፤ ኋላ ግን ሁለቱንም ወገን እስኪያልቅ ዘፈኑልን። የእቁቡ ምርጥ ካሴት ነበር፤ ባለ ስድሳ፣ ባለ ብሎን።

የካሴት ጀርባ ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ከተሰበሩ ቴፑ በላዩ አይቀዳም፤ ያለው ነገር ተጠብቆ ይኖራል። እኛ አልሰበርናቸውም። «ጥርሱን ከሰበርነው ካሴቱ ለሌላ አይሆንም» አልን። ቁጠባ ነው እንግዲህ።

በ1969 ክረምት የሱማሌ ጦርነት ተጀመረ። የባቡሩ መንገድ ተቆረጠ። መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ውጊያው ሐረር አፋፍ ደርሶ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ጭንቀት ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ በዚያ ወቅት እድራችን የሠራውን ሽማግሌዎቻችን በሌላ ጊዜ ይጻፉት። እኛ የምንለው በዚያ ሁሉ መሐል ባዶ ካሴት ከሱቅ ጨርሶ መጥፋቱን ነው። ጦሩ ከተመለሰ በኋላም ቶሎ አልመጣም። በዚያው ዓመት ሁሉም ሰው የሚያወራለት አንድ አዲስ ካሴት ከአዲስ አበባ መጣ፤ ለአንድ ሌሊት ብቻ አበደሩን። ባዶ የለንም። ያለንን ካሴቶች ደርድረን «የትኛው ይጥፋ?» አልን። ዘፈኖቻችንን ሳሳንላቸው። አይ ደግሞ ጎረቤታችን ናቸው፣ ነገም ይዘፍናሉ፣ መቼም ቢሆን ደግመን እንቀዳቸዋለን አልን።

ደግመን አልቀዳናቸውም። በ1976 ዓ.ም. ዐረፉ። በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ከድንኳኑ ጠርታ «ያ ካሴት እናንተ ጋ ነው አይደል?» አለችን። ምን እንደ መለስን ዛሬ አንጽፈውም። ማታ ቤት ሄደን ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማነው። የተበደርነው ካሴት ሁለተኛው ወገን ግማሽ ሰዓት አይሞላም ነበር። የመጨረሻው ዘፈን ሲያበቃ ቁልፉን ያነሣንበት «ቀጭ» ይላል፤ ወዲያው በግማሽ ቃል የአይ ድምፅ ይገባል። ሰባት ደቂቃ ያህል ይሆናል። በዚያ ሌሊት የካሴቱን ጥርሶች ሰበርን።

ያ ሰባት ደቂቃ እስከ ዛሬ አለ፤ ያለውም ወፍራም ክር ስለ ነበረ ነው። በአንጻሩ አንድ የመውሊድ ሌሊት ሙሉ ዝክሪ፣ ሳይገላበጥ አንድ ሰዓት እንዲሄድልን ብለን በባለ መቶ ሃያ ቀድተን ነበር። ከዚያ ቅጂ አሁን የቀረው ከበሎቹ ሲያጨበጭቡ በሩቅ የሚሰማ ነገር ነው። ክሩ ስስ ከመሆኑ የተነሣ በጥቅሉ ላይ አንዱ ዙር ለሌላው ድምፁን ያስተላልፋል፤ ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ጥላው ይሰማል። የዘከሩት ሽማግሌዎች አንዳቸውም ዛሬ የሉም።

እንዲህ ያለው ጉዳይ የኛ ብቻ አይደለም። ሐርጌሳ በ1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1988) በአውሮፕላን ስትደበደብ የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎችና ሌሎችም የዘፈን ቴፖችን መሬት ቆፍረው ቀበሯቸው፣ ከፊሉንም ወደ ጅቡቲና ወደኛ አገር አሻገሩ። በኋላ ከየቤቱ የተሰበሰበው ተጨምሮ ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማእከል ከአሥር ሺህ በላይ ካሴት ይገኛል። በከተማችንም አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግላቸው ባቋቋሙት፣ በራስ ተፈሪ ቤት ባለው ሙዚየም፣ ከጥንት የእጅ ጽሑፎቹና ከሳንቲሞቹ ጋር የድሮ የሐረሪ ድምፆችን ሰብስበዋል። የተሰበሰበው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ሰው በሳንቲሙ ገዝቶ በቤቱ የቀዳው ነው።

እንግዲህ ወደ ካርቶናችን። ቴፕ አፈላልገን አገኘን፤ ሄዱን በአልኮል ጠረግን፣ ጎማውን አስለወጥን። የአንድ አባላችን የልጅ ልጅ በሽቦ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኘልን። ከመጫወታችን በፊት እያንዳንዱን በእጅ አንድ ጊዜ ወደፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጠነጠንነው፤ ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ በድንገት ቢጎተት ይበጠሳል። ባለ ስድሳዎቹ ከጥቂቶቹ በቀር ይናገራሉ። ከባለ መቶ ሃያዎቹ አንዱም ደኅና የለም። በሙጫ ከተጣበቁት ሁለቱን በምላጭ ከፍተን ክሩን ወደ ባለ ብሎን ሣጥን አዛወርነው።

አብዛኛው ዘፈን ነው፤ ዛሬ በስልክም የሚገኝ። አንዱ ግን በቀይ እስክሪብቶ «ስብሰባ» የሚል ተጽፎበታል። ስናጫውተው የእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ሆኖ ተገኘ፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ለመጻፍ እንዲመቻቸው ቀድተውት ይመስለናል። ጽዋ ሲንኳኳ፣ ሰው ሲያስል ይሰማል። ዛሬ በሕይወት የሌሉ የመሥራቾቻችን ድምፅ አንድ በአንድ ይለያል። ክርክሩ ስለ ድንኳን ነው፤ አዲስ ይገዛ ወይስ አሮጌው ይጠገን። አንዱ ጮኸው «ርካሹን ገዝተን በመጀመሪያው ዝናብ ሊያፈስብን ነው!» ይላሉ። ገንዘብ ያዡ መልስ ከመስጠታቸው በፊት «በመጀመሪያ ግን፣ ለዚህ ለምታቀዱበት ካሴት የወጣው ሒሳብ በደብተሬ ላይ የለም፤ ማን ፈቀደ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሣቅ ይነሣል። ጸሐፊው «ክቡራን፣ ይኸ እኮ በጣም በርካሽ...» ሲሉ የመጀመሪያው ወገን አለቀ። ሁለተኛው ወገን ባዶ ነው፤ ማንም አልገለበጠውም።

ስለ ድንኳኑ ምን እንደ ተወሰነ የሚያስታውስ አባል ካለ ለኮሚቴው ይንገር። ካርቶኑ አሁን ከጸሐፊያችን ቤት፣ ከመስኮትና ከምድጃ ርቆ ተቀምጧል።